ወጣቱ ሴንተር ለምን ቶሎ አይደርስም?

በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ውድድር ሲከፈት፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ያለፈ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ይዘው የሚቀርቡ ዩኒቨርሲቲዎች አይጠፉም። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከደካማ ቡድኖች ጋር ተጫውቶ 18 ነጥብና 12 ሪባውንድ ሲያስመዘግብ ደጋፊው ዋንጫውን በዓይኑ ያየዋል። ጃንዋሪ ላይ ያው ልጅ ሁለት ፋውል ተይዞበት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ማርች ሲደርስ ደግሞ «የተወራለትን ያህል አይደለም» የሚለው ድምፅ ይበረታል። ጉጉቱም ቅሬታውም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ የረጃጅም ተጫዋቾች እድገት ኳሱን እያነጠሩ ከሚያመጡት ከአጫጭሮቹ ተጫዋቾች፣ ከጋርዶች፣ እድገት በተለየ መንገድ እንደሚሄድ ካለማወቅ። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሴንተር ሥራ ምንድን ነው?

ሴንተር፣ ደጋፊዎች በአጭሩ «ቢግ» የሚሉት፣ ከአምስቱ ተጫዋቾች ቀለበቱ አካባቢ የሚሠራው ረጅሙ ነው። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ቁመት ያለ ጥርጥር ይረዳል። ሥራው ግን አራት ነው። ሰብሮ የሚገባን ተጋጣሚ ቀለበቱ ሥር መከላከል፣ ስቶ የተመለሰን ኳስ ወይም ሪባውንድ መሰብሰብ፣ ስክሪን ማድረግ ማለትም በአካሉ ቆሞ የጋርዱን ተከላካይ መጋረድ፣ በመጨረሻም ከቅርብ ርቀት ማስቆጠር።

ጋርድ ኳሱን ራሱ እያነጠረ ይመጣል፤ መቼ እንደሚወረውርም ራሱ ይወስናል። ሴንተር ግን ልክ እንደ እግር ኳስ 9 ቁጥር አጥቂ ነው፤ ክሮስ ካልመጣለት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ቢሮጥ ስሙ አይጠራም። የሴንተርን ነጥብ ስናነብ የሌሎቹን የማቀበል ችሎታም አብረን እያነበብን ነው።

ፍሬሽማኑ (የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቹ) በጨዋታ 8 ነጥብ ብቻ ቢያስቆጥር ምን ማለት ነው?

ያለ ደቂቃው ምንም ማለት አይደለም። ለዚህ ከዛክ ኢዲ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኢዲ ካናዳዊ ነው፤ የቶሮንቶ ልጅ። ቁመቱ 2.24 ሜትር ነው። ልጅነቱን በሆኪና በቤዝቦል አሳልፎ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲያስፈርመው በእኩዮቹ የደረጃ ዝርዝር ላይ ከ400ኛ በታች ነበር፤ ብዙ ያልተጠበቀበት ልጅ።

በ2020–21 ፍሬሽማን ሆኖ በጨዋታ በአማካይ 14.7 ደቂቃ ተሰልፎ 8.7 ነጥብ አስቆጠረ። በሁለተኛው ዓመት በ19 ደቂቃ 14.4 ነጥብ፤ በሦስተኛው በ31.7 ደቂቃ 22.3፤ በአራተኛው በ32 ደቂቃ 25.2። ከ8.7 ወደ 25.2 ሲታይ ልጁ በአራት ዓመት ሦስት እጥፍ የተሻለ ይመስላል።

አሁን የነጥቡን ቁጥር ለደቂቃው አካፍለን በ40 እናባዛው፤ የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነውና። የመጀመሪያው ዓመት 23.7 ይሆናል፣ ሁለተኛው 30.3፣ ሦስተኛው 28.1፣ አራተኛው 31.5። የማስቆጠር ችሎታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ፤ በሁለተኛው ዓመት ላይም የመጨረሻውን ደረጃ ሊነካ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በዋናነት ያደገው ሜዳ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቦታውን ከትሬቪየን ዊሊያምስ ጋር ይጋራ ነበር፤ አሠልጣኙ ማት ፔይንተርም አላጣደፉትም። በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሽልማቱን በተከታታይ ያገኘ ሌላ ተጫዋች ለመፈለግ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እስከ ራልፍ ሳምፕሰን ዘመን ድረስ መመለስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ፍሬሽማን ሴንተር በ15 ደቂቃ 8 ነጥብ ካገባ በጣም ጥሩ ምልክት ነው። በ32 ደቂቃ 8 ነጥብ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ40 ደቂቃው ስሌት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። አሠልጣኞች ወጣት ሴንተርን የሚያስገቡት ተጋጣሚው ሲመቸው ነው፤ በከባዱ ጨዋታ ግን አግዳሚው ላይ ያስቀምጡታል። በኖቬምበርና በዲሴምበር ከትንንሽ ኮሌጆች ጋር የተገኘው ቁጥር ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያሳብጠዋል። ስሌቱን ከጃንዋሪ ወዲህ፣ ቡድኑ ከራሱ ኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በርስ ከሚጫወቱት የኮሌጆች ማኅበር) አባላት ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች ብቻ መሥራት የበለጠ ያስተማምናል። በዚያ ጊዜ ተጋጣሚዎቹ የልጁን ቪዲዮ አይተው፣ በየትኛው ትከሻው መዞር እንደሚወድ አጥንተው ነው የሚመጡት።

ለምን ተጨማሪ ደቂቃ አይሰጠውም?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ፋውል ነው። በኮሌጅ አምስተኛው ፋውል ያስወጣል፤ በኤንቢኤ፣ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ጨዋታው 48 ደቂቃ ሆኖ የሚያስወጣው ስድስተኛው ነው። በ40 ደቂቃ ሰባት ፋውል የመሥራት ልማድ ያለው ልጅ፣ አሠልጣኙ ጨርሶ ባያሳርፈው እንኳ በ28ኛው ደቂቃ ገደማ አምስቱን ይጨርሳል። በተግባር ደግሞ አብዛኞቹ አሠልጣኞች ከእረፍት በፊት ሁለተኛ ፋውል የተቆጠረበትን ተጫዋች እስከ እረፍት ያስቀምጡታል። እንዲህ እንዲህ እያለ 28ቱ ደቂቃ ወደ 20 ይወርዳል። «ለምን አያሰልፈውም?» ተብሎ አሠልጣኙ የሚወቀስበት ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

ወጣቶቹ ፋውል የሚያበዙት በክፋት ወይም በግድየለሽነት አይደለም። ዋናው ምክንያት የእግር መዘግየት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ዘግይቶም ቢሆን በቁመቱ ደርሶ ኳሱን ይመታ ነበር፤ ኮሌጅ ውስጥ ሰብሮ የሚገባው ጋርድ ይበልጥ ፈጣንና ጠንካራ ስለሆነ ያቺ ግማሽ እርምጃ መዘግየት ግጭት ትሆናለች። ሁለተኛው እጅ ነው። ተከላካይ በቆመበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢዘልና ሁለቱንም እጁን ወደ ሰማይ ቢዘረጋ፣ አጥቂው መጥቶ ቢጋጨው እንኳ ፋውል አይደለም። እጁ ወደ ፊት ወይም ወደ ታች ከወረደ ግን ዳኛው ይነፋል። ኳሱን የመምታት ፍላጎትን ተቆጣጥሮ እጅን ቀጥ አድርጎ መቆየት ለሴንተር ከሚከብዱት ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ሰውነት እስኪለምደው ወራት ይፈጃል። ሦስተኛው በሪባውንድ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ተጋጣሚውን በጀርባው ሳይዘጋ ኳሷን ብቻ እያየ ሲዘል ሰው ጀርባ ላይ ይወጣል። አራተኛው ስክሪን ሲያደርግ ሳይረጋ መንቀሳቀሱ ነው፤ ይህ በማጥቃት ላይ ሳለ የሚቆጠርበት ፋውል ነው፣ ቡድኑም ኳሱን ያጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ፒክ ኤንድ ሮልን መከላከል ነው። የተጋጣሚው ሴንተር ለጋርዱ ስክሪን ያደርግና ወደ ቀለበቱ ይሮጣል። በዚያች ቅጽበት የእኛ ልጅ ከሦስት አንዱን መምረጥ አለበት። ወደ ኋላ ተስቦ ቀለበቱን መጠበቅ አለ፤ ለረጃጅሞች ይመቻል፣ ነገር ግን ጋርዱ ከርቀት በነፃነት እንዲወረውር ይፈቅዳል። ወደ ፊት ወጥቶ ጋርዱን ለአፍታ አስቁሞ መመለስም አለ፤ ይህ ፈጣን እግር ይጠይቃል። ተከላካዮቹ ሰው ተቀያይረው ሴንተሩ ጋርዱን ብቻውን የሚይዝበት ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ብዙ ወጣት ረጃጅሞች የሚጋለጡበት ነው። አሠልጣኙ የትኛውን እንደሚፈልግ ቀድሞ ይነግረዋል፤ ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንደ ተጋጣሚው አሰላለፍ ትእዛዙ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል። ሲሳሳት አብዛኛው ተመልካች አያየውም፤ አሠልጣኙ ግን ያየዋል፤ ያወጣዋልም።

ኳስ ሲደርሰው ለምን ይነጠቃል?

በኮሌጅ ሕግ ተከላካይ ቀለበቱ ሥር የፈለገውን ያህል ጊዜ መቆም ይችላል። በኤንቢኤ ግን አጠገቡ የሚይዘው ሰው ሳይኖር ከሦስት ሰከንድ በላይ እዚያ መቆየት ያስቀጣል። የኮሌጅ ሴንተር የሚጫወተው በዚህ የተነሳ በተጨናነቀ ቦታ ነው። ኳስ ሲደርሰው ሁለተኛ ተከላካይ ይመጣበታል፤ አንዳንዱ ቡድን ኳሱን እንደያዘ ይልካል፣ ሌላው አንድ ጊዜ እስኪያነጥር ይጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ ከማያየው አቅጣጫ፣ ከመጨረሻው መስመር በኩል ይልካል።

ልጁ መልመድ ያለበት ቅደም ተከተል አለ። ኳሱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከአገጩ በታች አያወርደውም፣ ከመዞሩ በፊት በትከሻው ላይ ተመልክቶ ሁለተኛው ሰው ከየት እንደሚመጣ ያያል፣ ከዚያ ብቻ ይወስናል። ኳሱ ወደ ወገቡ ከወረደ ቁመቱ ከንቱ ሆነ ማለት ነው፤ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ጋርድ እዚያ ይነጥቀዋል። ሁለተኛ ተከላካይ ከመጣ ደግሞ ያለ ጥርጥር አንድ ጓደኛው ነፃ ሆኗል፤ ያንን አግኝቶ ማቀበል የሴንተሩ ግዴታ ነው። ፍሪ ትሮውም አብሮ ይታይ። ብዙ ፋውል የሚሠራበት ተጫዋች ብዙ ፍሪ ትሮው፣ ማለትም ማንም ሳይከላከለው የሚወረውረው የቅጣት ኳስ፣ ያገኛል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ተጋጣሚው ሆን ብሎ ፋውል ይሠራበታል፣ አሠልጣኙም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሊያሳርፈው ይገደዳል።

እድገቱን በዓይን ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምክር ነጥቡን ለአንድ ወር ትቶ ሁለት ነገር ብቻ እንዲያይ ነው። ሁለተኛው ተከላካይ ሲመጣ ልጁ ምን ያደርጋል? ከስክሪን በኋላስ ወደየት ይሮጣል? እነዚህ ሁለቱ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከተሻሻሉ፣ ነጥቡ ባይጨምር እንኳ ሥራው እየተሠራ ነው።

ቡድኑ ሲሸነፍ ጥፋቱ የእሱ ነው?

ራልፍ ሳምፕሰን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫውቶ ከ1981 እስከ 1983 ሦስት ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ተብሏል። ቁመቱ እንደ ኢዲ 2.24 ሜትር ነበር። የኮሌጆቹን ዋና ውድድር ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። በዲሴምበር 1982 ቡድኑ የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ሳለ ቻሚናድ በምትባል የሃዋይ ትንሽ ኮሌጅ 77 ለ72 ተሸነፈ። ይህ ሽንፈት እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሳል፤ ለእኔ ግን ሳምፕሰንን የሚመዝን ነገር አይደለም።

የፐርዱን ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራዋል። በማርች 2023 ፐርዱ የምድቡ አንደኛ ሆኖ ወደ 68ቱ ቡድኖች ውድድር ገባና በመጀመሪያ ጨዋታው 16ኛ ሆኖ በተመደበው ፌርሊ ዲኪንሰን 63 ለ58 ተሸነፈ። ፌርሊ ዲኪንሰን በኮሌጆቹ ከፍተኛ እርከን፣ በዲቪዥን አንድ፣ ካሉት ከ360 በላይ ቡድኖች በአማካይ ቁመት የመጨረሻው ነበር። ኢዲ 21 ነጥብና 15 ሪባውንድ አስመዝግቧል። ታዲያ ምን ሆነ? ተጋጣሚው አንድ ሰው ከፊቱ፣ ሌላ ከኋላው አቆመ፤ ይህ ሲሆን በሦስት ነጥብ መስመር ላይ ነፃ ሰው መኖሩ ግድ ነው። ፐርዱ ከዚያ መስመር 26 ጊዜ ሞክሮ 5 ብቻ አስገባ። ኳሱን የሚያመጡት ሁለቱ ጋርዶች ብሬደን ስሚዝና ፍሌቸር ሎየር ሁለቱም ፍሬሽማን ነበሩ። በማግስቱ አብዛኛው ወቀሳ የወረደው ግን በረጅሙ ልጅ ላይ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ፐርዱ ከሦስት ነጥብ መስመር ከሞከራቸው ከ40 በመቶ በላይ እያስገባ እስከ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ የገጠመው ኮኔቲከት አስቦ የመጣው ተቃራኒውን ነበር። ኢዲን በአብዛኛው አንድ ሰው፣ ዶኖቫን ክሊንገን፣ ብቻውን ያዘው፤ ሌሎቹ ከጋርዶቹ አልተለዩም። ኢዲ 37 ነጥብ አስቆጠረ። ፐርዱ በመላው ጨዋታ ከሦስት ነጥብ መስመር ሰባት ጊዜ ብቻ ሞክሮ አንድ አስገባ፤ 75 ለ60 ተሸነፈ። ሁለቱ ሽንፈቶች አንድን ነገር ከሁለት አቅጣጫ ያሳያሉ። ሴንተር የተጋጣሚን ምርጫ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጓደኞቹ ይወስናሉ።

ዘግይተው የጀመሩትስ?

አፍሪካውያን ረጃጅሞች ላይ የሚጣለው ተስፋ በተለይ መመርመር አለበት፤ ብዙዎቹ ኳሱን የጀመሩት በ15 ወይም በ16 ዓመታቸው ነውና። ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዋን ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጫወት አሳለፈ፤ በ1981–82 ተሰልፎ በአማካይ 8.3 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። በሦስተኛው የውድድር ዘመኑ 16.8 ነጥብ፣ 13.5 ሪባውንድና 5.6 ብሎክ (ተጋጣሚ የወረወረውን ኳስ በአየር ላይ መትቶ ማስቆም) ላይ ደርሶ፣ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በ1984 አንደኛ ሆነ። እሱም ቢሆን ሁለት ጊዜ ለኮሌጅ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸንፏል።

የታንዛኒያው ሃሺም ታቢት ደግሞ ከልክ በላይ መጠበቅ የሚያመጣውን ያሳያል። በኮኔቲከት ሦስተኛ ዓመቱ 13.6 ነጥብ፣ 10.8 ሪባውንድና 4.2 ብሎክ ነበረው፤ በ2009 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ ሲመረጥ ጄምስ ሃርደንና ስቴፈን ከሪ ገና አልተጠሩም ነበር። ኤንቢኤ ውስጥ ያስቆጠረው በአማካይ 2.2 ነጥብ ነው። በኮሌጅ ቁመቱ ቀለበቱን ሲዘጋለት፣ የእግር ሥራውና የማጥቃት ብልሃቱ አብሮ አላደገም ነበር። ብሎክ ብቻውን ሲበዛ መደሰት ይገባል፤ መርማሪ ዓይን ግን አብሮት ይኑር።

አካሉም አለ። በ18 ዓመቱ አጥንቱና ጅማቱ ገና ያንን ክብደት እየለመደ ነው። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ በ2014 በካንሳስ በአማካይ 23 ደቂቃ እየተጫወተ 11.2 ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ፣ በጀርባው አጥንት ላይ በወጣ ስንጥቅ የማርቹ ውድድር አመለጠው። ከዚያ እግሩ ተሰብሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የኤንቢኤ ዓመታት ሙሉ በሙሉ አጣ። በ2023 የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ፍሬሽማን ሴንተርን በሳምንት ሁለት ጨዋታ 35 ደቂቃ አሰልፉት የሚል ደጋፊ ይህንን ያስታውስ።

ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን የወጣው ካማን ማሉዋች የቅርቡ ምሳሌ ነው። ሩምቤክ ተወልዶ ዑጋንዳ አደገ፤ በ17 ዓመቱ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ለአገሩ ተሰለፈ፤ ከዚያም ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ21 ደቂቃ ገደማ 8.6 ነጥብና 6.6 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ከወረወራቸው ከ70 በመቶ በላይ አስገባ። ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ዱክ በግማሽ ፍጻሜ በሂዩስተን 70 ለ67 ሲሸነፍ ግን አንድም ሪባውንድ አላገኘም፤ ብዙ ተባለበት። በዚያው ቀን የአሜሪካ መንግሥት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ በሙሉ መሰረዙን አስታውቆ እንደነበር ከወቃሾቹ ያስታወሱት ጥቂቶች ናቸው። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ በድራፍቱ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ።

ገንዘቡና ዝውውሩ ምን ለወጠ?

ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም የስፖርት ዓይነቶች በአንድ ላይ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በተማሪ ቪዛ የሚኖሩ የውጭ አገር ልጆች ግን አሜሪካ ውስጥ ሠርተው በሚያገኙት ገንዘብ ላይ ጥብቅ ገደብ ስላለባቸው ከዚህ እኩል አይካፈሉም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ተጫዋች ትምህርቱን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ አንድ ዓመት መቀመጥ ሳይጠበቅበት በየዓመቱ ሊዛወር ይችላል።

ገንዘብ ሲከፈል ደጋፊው ውጤቱን በዚያው ዓመት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ዓመቱ 19 ደቂቃ የሚሰጠው ሴንተርም ኤፕሪል ላይ 30 ደቂቃ የሚሰጠውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ቀላል ነው። ጉዳቱ ያለው ደግሞ የሴንተር ሥራ ከሌሎች ጋር የሚሠራ በመሆኑ ላይ ነው። ኳሱን የት ከፍታ ላይ እንደሚፈልገው የሚያውቅ ጋርድ በአንድ ክረምት አይገኝም። በ2023 እና በ2024 መካከል ፐርዱ ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። ኢዲ ለድራፍት ተመዝግቦ ሳለ ስሙን አውጥቶ ተመለሰ፤ ስሚዝና ሎየር አንድ ዓመት በሰሉ፤ ከሳውዘርን ኢሊኖይ በዝውውር ላንስ ጆንስ የሚባል ልምድ ያለው ጋርድ መጣ። ሴንተሩ ያው ነበር፤ የ40 ደቂቃ ቁጥሩም ብዙ የራቀ አልነበረም።